የሆት ሮድ መኪና ማሞቂያ

የሆት ሮድ መኪና ማሞቂያ ማለት ሲሠራ ማሞቂያ ባልነበረው ወይም ማሞቂያው ተነቅሎ በወጣለት አሮጌ መኪና ላይ በኋላ የሚገጠምና የሞተሩን ትርፍ ሙቀት ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚያስገባ መሣሪያ ነው። በአብዛኛው አንድ ትንሽ ራዲያተር፣ አየር የሚገፋ ማራገቢያ፣ ሙቅ ውሃ የሚያመላልሱ ሁለት የጎማ ቱቦዎችና አንድ መዝጊያ አሉት። ሥራው እግር ማሞቅ ብቻ አይደለም። የፊት መስታወቱ በእስትንፋስ እርጥበትና በውርጭ ተሸፍኖ ነጂው መንገዱን ማየት እንዳይሳነው ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሆት ሮድ ለምን ማሞቂያ የለውም?

ሆት ሮድ በአሜሪካ፣ በተለይ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ በ1930ዎቹ የተስፋፋ የመኪና ማሻሻል ልማድ ነው። ወጣቶች ያገለገሉ ፎርዶችን በርካሽ ይገዙና ክብደት የሚጨምርባቸውን ነገር ሁሉ ይነቅሉ ነበር። ፓራፋንጎው፣ የሞተሩ ክዳን፣ አንዳንዴም ጣሪያው ይወጣል። ከዚያም ሙሮክ በሚባለው የደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ፍጥነታቸውን ይለኩ ነበር። በ1932 ፎርድ ኩባንያ 3.6 ሊትርና 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ተራ ሰው ሊገዛው በሚችል ዋጋ አወጣ። የዚያ ዓመት ፎርድ እስከ ዛሬ ድረስ ከሆት ሮዶች ሁሉ በጣም የሚፈለገው ነው።

ለውድድር በተዘጋጀ መኪና ላይ ማሞቂያ ሸክም ነው። የካሊፎርኒያ አየርም ለዘብተኛ ስለሆነ የጎደለ ነገር መኖሩ አይታወቅም ነበር። ነገር ግን ልማዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመላ አሜሪካ ተዛመተ፤ ሆት ሮድ የተባለው መጽሔትም በጥር 1948 መታተም ጀመረ። እንደ ሚሺጋንና ሚኒሶታ ባሉ ክረምታቸው በሚበረታ ግዛቶች የሚኖር ባለቤት መኪናውን በጥቅምት ማታ ሲያወጣ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። ነፋስ በወለሉ ቀዳዳ ይገባል፣ ጣት መሪው ላይ ይደነዝዛል፣ መስታወቱ ደግሞ ከውስጥ ነጭ ይሆናል። ጣሪያው ዝቅ እንዲል በተቆረጠ መኪና የፊት መስታወቱ ጠባብ ነው። ከዚያች ጠባብ መስታወት ግማሹ ከተሸፈነ የቀረው ለመንዳት አይበቃም።

ከጋለ ጡብ እስከ ሙቅ ውሃ

በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ዘመን ሰዎች ብርዱን የሚከላከሉት በሠረገላ ዘመን እንደለመዱት ነበር። ወፍራም ካፖርት ይለብሳሉ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ይጥላሉ፣ እግራቸው ሥር በምድጃ የጋለ ጡብ ወይም የከሰል ፍም የያዘ የብረት ሳጥን ያስቀምጣሉ። በ1893 ማርጋሬት ዊልኮክስ የተባለች አሜሪካዊት ስላገኘችው የማሞቂያ ፈጠራ መብት ብዙ ጊዜ ይጻፋል። «የመኪና ማሞቂያን የፈጠረች» መባሏ ግን መጠነኛ ማረም ይፈልጋል፤ ፈጠራዋ የታሰበው ለባቡር ፉርጎ ነበር።

ከ1927 እስከ 1931 በተሠራው ፎርድ ሞዴል ኤ ላይ ይገጠም የነበረው ማሞቂያ በጣም ቀላል ነው። ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው ጭስ የሚሰበሰብበት ብረት (ማኒፎልድ) በጣም ይግላል። በዚህ ብረት ዙሪያ የብረት ሽፋን ይደረግና የሞተሩ ማራገቢያ የሚገፋው አየር በሽፋኑና በጋለው ብረት መካከል ያልፋል። አየሩ ሞቆ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ባለ ቀዳዳ ይገባል። የተለየ ማራገቢያም ሆነ ውሃ አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ይሞቃል። ጉድለቱ ከባድ ነው፤ ከታች በተለየ ክፍል ተገልጿል።

በዚህ ዘዴ የሚሠራ መኪና በኢትዮጵያም የታወቀ ነው፤ ቮልስ የምንላት ቮልክስዋገን ቢትል። የቮልስ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ሙቅ ውሃ የላትም፣ ስለዚህ ሙቀቷን የምታገኘው ከሞተሩ ነው። በቀደምት ሞዴሎች ሲሊንደሮቹን ያቀዘቀዘው አየር ራሱ ወደ ውስጥ ይገባ ስለነበር የዘይት ሽታ ይዞ ይመጣ ነበር። ከ1963 ሞዴል ጀምሮ ግን በጭስ ማውጫው ዙሪያ በተሠራ ሽፋን ውስጥ ንጹሕ አየር እንዲሞቅ ተደረገ። ሙቁ አየር የሚሄድባቸው በበሮቹ ሥር ያሉ ቦዮች ዝገት ሲበላቸው ሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

በ1930ዎቹ በውሃ የሚሠራው ማሞቂያ እየበዛ መጣ። ባለቤቱ ለብቻው ገዝቶ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሰቅለው ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሳጥን ነበር። ስቱዋርት ዋርነር የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሳውዝ ዊንድ በሚል ስም ቤንዚን ራሱ የሚያቃጥል ማሞቂያ ይሸጥ ነበር። በፍጥነት ይሞቃል፣ ሆኖም ተሳፋሪው ከሚቀመጥበት አጠገብ እሳት መኖሩን መዘንጋት አይቻልም። በ1938 ናሽ ኩባንያ ያወጣው ዌዘር አይ የሚባለው ማሞቂያ ከውጭ አየር ወስዶ፣ አጣርቶና አሙቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ነበር። የዛሬ መኪናዎች ማሞቂያ የሚሠራው በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1968 ጀምሮ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች የፊት መስታወትን ከጉምና ከውርጭ የሚያጸዳ መሣሪያ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ደንቡ ትኩረት ያደረገው በመስታወቱ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ምን ያህልስ ነው?

የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ መኪናውን ለመንዳት የሚውለው በግምት ሲሶው ወይም ከዚያ ያነሰው ነው። የቀረው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ማሞቂያ መግጠም አዲስ ሙቀት መፍጠር ሳይሆን ከሚጣለው ላይ መቀነስ ነው።

መጠኑን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በማሞቂያው ራዲያተር ውስጥ በደቂቃ 5 ሊትር ሙቅ ውሃ ያልፋል እንበል። ውሃው በ80 ዲግሪ ገብቶ በ70 ዲግሪ ከወጣ፣ በአየሩ ላይ የተወው ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው። ይህ ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ጉልበት ጋር ይቀራረባል። ማራገቢያው በሰዓት 200 ሜትር ኩብ አየር ቢገፋ፣ ይህ ሙቀት የአየሩን መጠነ ሙቀት በ50 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ከበረዶ በታች 5 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር 45 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ፀረ በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከንጹሕ ውሃ ስለሚያንስ እውነተኛው ቁጥር ትንሽ ዝቅ ይላል።

በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የሚሰኩት ትናንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ለምን እንደማይረቡም ከዚሁ ስሌት ይገባናል። እነሱ የሚሰጡት 150 ዋት ያህል ነው፤ ከላይ ካለው ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ነፋስ በሚያስገባ አሮጌ መኪና ውስጥ እጅ ለማሞቅ ካልሆነ በቀር ለሌላ አይጠቅሙም።

አገጣጠም

ሙቁ ውሃ የሚወሰደው ሞተሩ ውስጥ ዞሮ ከሞቀ በኋላ፣ ወደ ዋናው ራዲያተር ከመሄዱ በፊት ነው። ቀዝቅዞ የሚመለሰው ደግሞ ውሃ ፓምፑ ወደሚስብበት ጎን ነው። ሁለቱም ቱቦዎች ግፊታቸው እኩል የሆነ ቦታ ላይ ከተገጠሙ ውሃው የሚንቀሳቀስበት ምክንያት አይኖርም። የቱቦው አንድ ጫፍ ሞቆ ሌላው የሚቀዘቅዝበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

የፎርድ የቀድሞ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በዚህ ረገድ የራሱ ጠባይ አለው። ከ1932 እስከ 1936 በተሠሩት ላይ የውሃ ፓምፖቹ ቴስታታው ፊት ለፊት ሆነው ሙቁን ውሃ ወደ ራዲያተሩ ይስቡ ነበር። ከ1937 ጀምሮ ግን ወደ ታች ወርደው ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ሞተሩ መግፋት ጀመሩ። ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት የየትኛው ዘመን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቱቦዎቹ ቦታ በዚያ ይወሰናልና። የዚህ ሞተር የጭስ መውጫ ቦዮች በሞተሩ አካል ውስጥ ስለሚያልፉ ውሃውን አብዝተው ያሞቁታል። ስለዚህ ሞተሩ ቶሎ በመጋል ይታወቃል። ማሞቂያው እዚህ ላይ እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላል። በበጋ የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ ማሞቂያውን ከፍቶ ላብ በላብ እየሆኑ ሞተሩን ማትረፍ የቆየ የነጂዎች ዘዴ ነው።

ብዙ ሆት ሮዶች ሞተራቸው ተቀይሮ በ1955 የወጣው የሼቭሮሌ ባለ 8 ሲሊንደር ዓይነት ተገጥሞላቸዋል። በዚህኛው ሥራው ቀላል ነው፤ ሙቁ ውሃ ከላይ ቴርሞስታቱ አካባቢ ካለ ቀዳዳ ይወጣል፣ ሲመለስ በውሃ ፓምፑ ላይ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ቀዳዳ ይገባል። ቱቦዎቹ የውስጥ ስፋታቸው 16 እና 19 ሚሊሜትር ነው። ቴርሞስታቱ ከተነቀለ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ ሞተሩ በብርድ ወቅት በደንብ ስለማይሞቅ ማሞቂያውም ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል። ሰዎች አዲስ ማሞቂያ ገዝተው ከገጠሙ በኋላ ጥፋቱ ርካሹ ቴርሞስታት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሳጥኑን የት ማስቀመጥ እንደሚቻል የሚወስነው ቦታው ነው። በ1932 ፎርድ ዳሽቦርድ ሥር ያለው ክፍተት ትንሽ ነው፤ የመጥረጊያው ሞተር፣ ሽቦዎቹና የተሳፋሪው ጉልበት ይጋፉበታል። በ1976 በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ የተመሠረተው ቪንቴጅ ኤር የተባለው ኩባንያ ለእንደነዚህ ያሉ መኪናዎች የሚሆኑ ትናንሽ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሳጥኖች በመሥራት የታወቀ ነው። ከጥሎ ማለፍ የተገኘ የሌላ መኪና ማሞቂያ የሚገጥሙም አሉ። ያገለገለ ራዲያተር ከሆነ ከመሰቀሉ በፊት ውሃ ውስጥ ነክሮ በትንሽ የአየር ግፊት መፈተሽ ግድ ነው። ዳሽቦርዱ ከተዘጋ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ሥራውን ሁሉ መልሶ ያስፈታል፤ በእግር ላይ የሚፈስ የጋለ ውሃም ያቃጥላል።

ሳጥኑ ከዋናው ራዲያተር ክዳን በላይ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ አየር በውስጡ ይታፈናል። ምልክቱ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሰማ የመንቦቅቦቅ ድምፅ ነው። መፍትሔው የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጎ፣ የማሞቂያውን መዝጊያ ከፍቶ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ውሃውን መሙላትና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት እያስነሡ መጠበቅ ነው። ከሞቀ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፀረ በረዶ ከበረዶ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም። ንጹሕ ውሃ ይዞ በክረምት ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ግን ራዲያተሩ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ባለ 6 ቮልት መኪናዎች

ፎርድ እስከ 1955 ድረስ በ6 ቮልት ይሠራ ነበር፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውም የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነበር። በ1956 ወደ 12 ቮልትና ወደ ኔጋቲቭ ተቀየረ። ልዩነቱ ለማራገቢያው ብዙ ትርጉም አለው። 120 ዋት የሚፈልግ ማራገቢያ በ12 ቮልት 10 አምፔር ሲወስድ በ6 ቮልት 20 አምፔር ይወስዳል። የሽቦው መቋቋም 0.05 ኦም ቢሆን፣ በመጀመሪያው ግማሽ ቮልት፣ በሁለተኛው አንድ ሙሉ ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። ከ12 ላይ ግማሽ ቮልት መጥፋቱ አይታወቅም፤ ከ6 ላይ አንድ መጥፋቱ ግን ማራገቢያውን ያደክማል። ስለዚህ ባለ 6 ቮልት መኪና ወፍራም ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ የተገጠመ ፊውዝና ንጹሕ የአካል ግንኙነት ይፈልጋል። የድሮው ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያመነጨው ጥቂት መሆኑም አይዘነጋም፤ መብራት፣ መጥረጊያና ማራገቢያ አንድ ላይ ሲበሩ የሚበሉት ከባትሪው ነው።

ቋሚ ማግኔት ያለው ዘመናዊ ማራገቢያ ሽቦው ተገላብጦ ከታሰረ ወደ ኋላ ይዞራል። ከበሮ መሰል ማራገቢያ ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረም ቢሆን ጥቂት አየር ይገፋል። ለዚህ ነው ስሕተቱ ቶሎ የማይገኘው፤ ሰውየው የሚሰማው ደካማ ነፋስ ብቻ ስለሆነ ማሞቂያው መጥፎ ነው ብሎ ይደመድማል።

መስታወቱ

ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣው እርጥበት ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይቀየራል። እርጥበት እስከ መጨረሻው የያዘ 0 ዲግሪ አየር በሜትር ኩብ ውስጥ 5 ግራም ያህል ውሃ አለው፤ 25 ዲግሪ የሆነ አየር ግን እስከ 23 ግራም መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ የገባ ቀዝቃዛ አየር ሲሞቅ በጣም ደረቅ ይሆናል፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ውሃም ይመጠዋል። የውስጡን አየር ብቻ መልሶ መላልሶ የሚያሞቅ ሳጥን ግን እርጥበቱን እዚያው ያዞረዋል። እግር ይሞቃል፣ መስታወቱ ግን ቶሎ አይጠራም።

የሳጥኑ አንድ መውጫ ወደ እግር፣ ሌላው ከመስታወቱ ሥር ወዳሉ ሁለት ጠባብ አፎች መሄድ አለበት። ቦታ የጠበበባቸው ሠሪዎች መጀመሪያ የሚተዉት ይህንን ሁለተኛውን ነው። በእኔ ግምት ከሁለቱ አንዱ መቅረት ካለበት የእግሩ ይቅር፤ ለእግር ወፍራም ካልሲ አለ።

የጭስ አደጋ

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ መተኛት ምን እንደሚያደርስ በኢትዮጵያ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣውም ይኸው ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጅ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቶቹ ናቸው። መሪ የያዘ ሰው እነዚህን የመንገድ ድካም አድርጎ ሊያልፋቸው ይችላል።

በጭስ ማውጫ ብረት የሚሠሩት የድሮ ማሞቂያዎች አደጋ እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ከተሰነጠቀ ወይም ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ያለው ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ፣ በሽፋኑ ውስጥ የሚያልፈው አየር መርዙን ይዞ በቀጥታ ወደ ነጂው ይመጣል። ዘጠና ዓመት ያለፈው ብረት አለመሰነጠቁን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ለታሪካዊነቱ ሲል ይህን ዓይነት ማሞቂያ የሚጠብቅ ባለቤት ቢያንስ በየጊዜው ሊያስፈትሸው ይገባል።

የውሃ ማሞቂያ ጭስ ስለማይነካ ከዚህ አደጋ ነጻ ይመስላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ብዙ ሆት ሮዶች የጭስ ቧንቧቸው አጭር ሆኖ በበሩ ሥር ያበቃል። ማራገቢያው አየር የሚስበው ከሞተሩ አጠገብ ከሆነ ወይም በመኪናው ወለልና ግድግዳ ላይ ክፍት ቀዳዳዎች ካሉ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። አየር መውሰጃው ሊሆን የሚገባው ከፊት መስታወቱ በታች፣ ከሞተሩ ክዳን በስተኋላ ያለው ቦታ ነው። የ1932 ፎርድ እዚያ ቦታ ላይ በእጅ የሚከፈት የአየር መግቢያ ስላለው ለዚህ ይመቻል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ቢደበቅ የመኪናውን መልክ አያበላሽም።

ማሞቂያ ከመገዛቱ በፊት ቀዳዳዎቹን መድፈን ለሁለቱም ነገር ይጠቅማል። ለፔዳል፣ ለመሪው ዘንግና ለሽቦ የተከፈቱት ክፍተቶች በጎማ ይዘጋሉ፤ የበሮቹ ጠርዝ አዲስ ላስቲክ ይገባለታል፤ ወለሉ ላይ ድምፅና ሙቀት የሚከላከል ምንጣፍ ይነጠፋል። የ1932 ፎርድ ጣሪያ መሐሉ ብረት ሳይሆን ጨርቅ ነበር፤ ፎርድ ጣሪያውን ሙሉ ብረት ያደረገው በ1937 ነው። ከጨርቁ ሥር የሚደረግ መከላከያ ብዙ ሙቀት ያስቀራል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲያበቃ አንዳንዱ ባለቤት ካሰበው ያነሰ ሳጥን እንደሚበቃው ይገነዘባል።

የቀዳዳው ክርክር

በአሮጌ መኪና ወዳጆች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ። ውሃ ቱቦዎቹ እንዲያልፉ በሞተሩ ግድግዳ ላይ ሁለት ቀዳዳ መበሳት አለበት። ያልተነካ የ1932 ግድግዳ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፤ የተበሳው ተመልሶ እንደ ቀድሞው አይሆንም። አንዳንዶች ቱቦዎቹን በወለሉ በኩል አሳልፈው ግድግዳውን ያድኑታል፤ ቱቦው ሲረዝምና ሲታጠፍ አየር የሚታፈንበት ቦታ ይበዛል እንጂ መሥራቱን ይሠራል። ሌሎች በዘመኑ ይሸጥ የነበረውን ክብ ማሞቂያ ፈልገው አስጠግነው ይሰቅላሉ። መኪናው አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ሞተሩ ተቀይሮና ቀለሙ ተለውጦ ሳለ ስለ ሁለት ቀዳዳ መጨቃጨቁ የሚያስቃቸውም አሉ።

መዝጊያው የሚገጠመው ሙቁን ውሃ በሚያመጣው ቱቦ ላይ ነው። በደንብ የማይዘጋ ከሆነ በሐምሌ ፀሐይም ሙቅ ውሃ በሳጥኑ ውስጥ ይዞራል፤ ማራገቢያው ቢጠፋ እንኳ የተሳፋሪው ጉልበት ሲሞቅ ይታወቃል። ከመስታወቱ ሥር የሚሸት ጣፋጭ ሽታና በመስታወቱ ላይ የሚቀር ቅባት የመሰለ ነገር ግን ከመዝጊያው ሳይሆን ከራዲያተሩ የሚያፈስ ፀረ በረዶ ምልክት ነው። ፈሳሹ መርዛማ ሲሆን ጣዕሙ ስለሚስባቸው ውሾች ይልሱታል፤ ጋራዡ ወለል ላይ የፈሰሰው ወዲያው ይጠረጋል።